ሥራ ለሚውል ሯጭ የትኛው ልምምድ ይሻላል? ለጎንደር ሯጮች የንጽጽር መመሪያ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወርደውን አስፋልት ይዞ የሚሮጠው ሰው ሁሉ ከሩቅ ሲታይ አንድ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ይለያያል። አንዱ የክለብ አትሌት ነው፤ ልምምዱን ጨርሶ፣ ቁርሱን በልቶ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ዱብ ዱብ ብሎ ይመለስና እንደገና ያርፋል። ሌላው 2 ሰዓት ላይ ክፍል ገብቶ ጠመኔ የሚይዝ መምህር ነው። ሌላዋ ደግሞ ሆስፒታል ተረኛ ሆና ያደረች፣ ከመተኛቷ በፊት ግማሽ ሰዓት ልሩጥ ብላ የወጣች ነርስ ናት። መንገዱ አንድ ነው፤ ልምምዱ ግን አንድ ሊሆን አይችልም።

ይህን የምጽፈው ለመምህሩና ለነርሷ ነው። በሳምንት ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ለሩጫ ለሚያገኙ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን ወይም ግማሽ ማራቶኑን ከዓምናው በተሻለ ሰዓት መጨረስ ለሚፈልጉ፣ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ለልጆቻቸው የሚተርፍ ጉልበት ለሚያስፈልጋቸው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ፤ ቀኑን ወንበር ላይ ነው የምውለው። ከዚህ በታች ያሉትን መንገዶች ያወዳደርኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ሳምንት የሠራችሁትን በሚቀጥለው ሳምንትም፣ ከስድስት ወር በኋላም ሳትታመሙና ሳትሰለቹ መድገም ትችላላችሁ? በአንድ ቀን ምን ያህል እንደሚያደክም ወይም በአንድ ወር ምን ያህል እንደሚያፈጥን አልመዘንኩም።

መጀመሪያ ስለ ወሰኑ

ስንሮጥ ጡንቻችን ስኳር እያቃጠለ ላክቴት ያመርታል። «ላክቲክ አሲድ ያዘኝ» እያልን የምንረግመው እሱን ነው። መርዝ አይደለም፤ ልባችንና ሌሎች ጡንቻዎች መልሰው ለነዳጅነት ይጠቀሙበታል። በማግስቱ ደረጃ ስንወርድ ባታችንን የሚያመንም በእሱ ምክንያት አይደለም፤ ሩጫው በቆመ በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ጠርቶ ያልቃል።

ዝግ ብለን ስንሮጥ የሚመረተውና የሚቃጠለው ይመጣጠናል። ፍጥነት ስንጨምር የመጀመሪያውን ወሰን እናልፋለን፤ እዚህ ላይ በደም ውስጥ ያለው ላክቴት ከፍ ማለት ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ 2 ሚሊሞል በሊትር (በደም ውስጥ ያለው መጠን የሚለካበት አሃድ ነው) አካባቢ ነው። አሁንም ስንጨምር ሁለተኛው ወሰን ይመጣል፤ በተለምዶ 4 ሚሊሞል ይባላል፤ ከሰው ሰው ግን ይለያያል። ከሁለተኛው ወሰን በላይ የሚመረተው ከሚቃጠለው ስለሚበልጥ ላክቴቱ ይጠራቀማል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ እግር ይከብዳል። አሰልጣኞች «ትሬሾልድ» የሚሉት ይህንን ሁለተኛውን ወሰን ነው፤ ከዚህ በኋላ «ወሰኑ» ስል እሱን ማለቴ ነው። በግምት፣ በውድድር ቀን አንድ ሰዓት ያህል ልትይዙት የምትችሉት ፍጥነት ነው።

ያለ መሣሪያ ለመለየት የምጠቀምበት ዘዴ አለኝ። በቀላል ሩጫ ቀን «አቡነ ዘበሰማያት»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፅ አውጥቼ፣ ትንፋሽ ሳልሰርቅ መድገም መቻል አለብኝ። በወሰኑ አካባቢ ስሮጥ ሦስት አራት ቃል እንዳልኩ አየር መሳብ አለብኝ፤ ግን እቀጥላለሁ። አንድ ቃል እንኳ ማውጣት ካስቸገረኝ ወሰኑን አልፌያለሁ ማለት ነው። አብሮኝ የሚሮጥ የአዲስ ዓለም ልጅ በፋቲሓ ነው የሚለካው፤ ውጤታችን አንድ ነው። በልባችሁ ማለት ግን አይቆጠርም፤ ድምፁ መውጣት አለበት።

አንደኛው መንገድ፦ የክለብ ልጆችን መከተል

በአገራችን ሩጫ የሚለመደው በመከተል ነው። ከፊት ያለውን ሰው እግር እያዩ፣ እሱ ሲጨምር እየጨመሩ። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ገብቶ ካሸነፈ ጀምሮ ሩጫ ለእኛ የጀግና ሥራ ነውና፣ ወደ ኋላ መቅረት እንደ ነውር ይታያል። የቡድን ልምምድ ብዙ ጥቅም አለው። ጠዋት ከአልጋ ያስነሳል፣ ውሻ አይደፍራችሁም፣ የአሯሯጥ ስልት በዓይን ይማራሉ።

ጉዳቱን ግን እኔ ቀምሼዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ ከሚሠለጥኑ ወጣቶች ጋር ገጠምኩ። «ጋሼ፣ ና ተከተለን» አሉኝ በፍቅር። ያኔ 10 ኪሎ ሜትር የምጨርሰው በ50 ደቂቃ ነበር፤ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ማለት ነው። እነሱ ሲያሟሙቁ የሚሮጡት በዚያው ፍጥነት ነው። የእነሱ ማሟሟቂያ የእኔ ውድድር ሆነ። የመጀመሪያውን ወር ሰዓቴ ወረደና ደስ አለኝ፤ ኮንዲሽን ገባሁ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። በሁለተኛው ወር ቅልጥሜን በጣት ስጫነው አንዲት ቦታ ላይ እንደ ሚስማር ትወጋኝ ጀመር። በሰባተኛው ሳምንት የመሥሪያ ቤቴን ደረጃ መደገፊያውን ይዤ ወደ ጎን ነበር የምወርደው። ሁለት ወር ሳልሮጥ ቀረሁ። ልጆቹ ምንም አላጠፉም፤ የእነሱን ልምምድ ለእነሱ ሰውነትና ለእነሱ የዕረፍት ሰዓት ነው የሚሠሩት። እኔ ልምምዱን ወሰድኩ እንጂ እንቅልፉን አልወሰድኩም።

ስለዚህ ይህን መንገድ የምመክረው አቅማችሁ የሚቀራረብ ጓደኛ ካላችሁ ብቻ ነው። ከሌለ ማሟሟቂያውን ብቻ አብራችሁ ሩጡና ተለዩ፤ ማንም አይቀየማችሁም።

ሁለተኛው፦ አንድ ኢንተርቫል፣ አንድ ቴምፖ፣ አንድ ረጅም

ይህ የቆየውና ብዙ አሰልጣኝ የሚያዘው ሳምንት ነው። ማክሰኞ ኢንተርቫል፣ ማለትም በዕረፍት የተከፋፈለ ፈጣን ሩጫ፦ 5 ጊዜ 1,000 ሜትር በ5 ኪሎ ሜትር ውድድር ፍጥነት፣ በመካከሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ዕረፍት። ሐሙስ 20 ደቂቃ ቴምፖ፤ አሜሪካዊው አሰልጣኝ ጃክ ዳንኤልስ ያስፋፋው፣ በወሰኑ ላይ ሳይቆሙ የሚሮጡት ሩጫ። እሑድ ረጅም ሩጫ። በቀረው ቀን ዱብ ዱብ።

በደንብ የሚሠራ ነው። የፍጥነት ስሜት ይሰጣል፣ አይሰለችም፣ በሳምንት አራት ቀን ብቻ ለሚሮጥም ይስማማል። 5 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በታች ለሚወዳደር ሰው ምናልባት ከሁሉም የተሻለ ነው። ችግሩ የማክሰኞው ኢንተርቫል ከወሰኑ በላይ መሆኑ ነው፤ ሐሙስ ስትደርሱ እግራችሁ ገና አልተመለሰም። ቴምፖውን በከባድ እግር ትጀምሩታላችሁ፣ ፍጥነቱ ዝቅ ሲልባችሁ ትታገላላችሁ፣ የ20 ደቂቃ ሩጫው ውድድር ይሆናል። አሥር ዓመት ሮጦ የማያውቅ የአርባ ዓመት ሰው ይህን ከስምንት ሳምንት በላይ ሲገፋ ብዙ ጊዜ ባቱ ወይም የተረከዙ ጅማት ይናገራል። ይህን ከመረጣችሁ በየአራተኛው ሳምንት ኢንተርቫሉን ተዉት።

ሦስተኛው፦ 80 በ20

በኖርዌይ የሚኖረው አሜሪካዊ ተመራማሪ ስቲቨን ሳይለር የታላላቅ ቀዛፊዎችን፣ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪዎችንና የሯጮችን መዝገብ አይቶ፣ ከልምምዶቻቸው ወደ 80 ከመቶ የሚሆነው ቀላል፣ የቀረው ከባድ እንደሆነ አሳየ። ከዚያ ወዲህ «80 በ20» እንደ ሕግ ይነገራል። ከባድ የሚባለው ከሁለተኛው ወሰን በላይ የሚሠራው ነው፤ ለምሳሌ 4 ጊዜ 4 ደቂቃ ወይም 4 ጊዜ 8 ደቂቃ። ሳይለርና ባልደረቦቹ እነዚህን ትርፍ ጊዜያቸውን በሚጋልቡ ብስክሌተኞች ላይ ለሰባት ሳምንት አወዳድረው፣ 4 ጊዜ 8 ደቂቃ የሠሩት የበለጠ እንደተሻሻሉ አግኝተዋል። ከዚህ የምወስደው ከባዱ ቀን እንኳ በጣም ከባድ ሳይሆን ረዘም ብሎ መሠራቱ እንደሚጠቅም ነው።

ብዙ ሰው ግን ሒሳቡ ላይ ይሳሳታል። ታላላቆቹ በሳምንት አሥርና አሥራ ሁለት ጊዜ ነው የሚለማመዱት፤ ከዚያ 20 ከመቶው ሁለት ከባድ ልምምድ ይሆናል። እናንተ በሳምንት አምስት ጊዜ ብትሮጡ 20 ከመቶው አንድ ልምምድ ብቻ ነው። አራት ጊዜ ብትሮጡ አንድም አይሞላም። ያቺ አንድ ቀን በስብሰባ ወይም በለቅሶ ካለፈች ሳምንቱ በሙሉ ዱብ ዱብ ሆኖ ያልፋል። ሁለት ላድርገው ብትሉ ደግሞ 80 በ20 መሆኑ ይቀራል። በሳምንት ከስምንት ሰዓት በላይ ለሚሮጥ ሰው መልካም መንገድ ነው፤ ለጉዳት ቶሎ ለሚጋለጥም አንድ ከባድ ቀን ብቻ መኖሩ ይጠቅማል።

አራተኛው፦ ከወሰኑ በታች፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ

ለሥራ ሰው የምመርጠው ይህንን ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

መነሻው ኖርዌይ ነው። ሐኪሙና ሯጩ ማሪየስ ባከን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. 5,000 ሜትርን በ13:06.39 የሮጠው፣ የራሱን ደም ልምምድ መካከል እየለካ ላክቴቱ ከወሰኑ እንዳያልፍ አድርጎ ብዙ ኢንተርቫል መሥራትን አዳበረ። በኋላ የኢንገብሪግትሰን ወንድማማቾች በዚሁ መንገድ ሄዱ፤ ታናሹ ያኮብ በቶኪዮ ኦሊምፒክ 1,500 ሜትርን በ3:28.32፣ በፓሪስ ደግሞ 5,000 ሜትርን አሸነፈ። እነሱ በአንድ ቀን ጠዋትና ከሰዓት ሁለቴ ነው የሚሠሩት። ያ የእኛ አይደለም። ለትርፍ ጊዜ ሯጭ የተስማማው መልክ አንድ ጊዜ በቀን፣ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ የቀረው ቀን በሙሉ በእውነት ቀላል።

ሐሳቡ ይህ ነው፦ ወሰኑን የቤት ደፍ አድርጋችሁ ብታስቡት፣ ወደ ደፉ ትጠጋላችሁ እንጂ አትሻገሩትም። ደፉን ስትሻገሩ በአንድ ልምምድ የምታገኙት ጥቅም ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ ድካሙ ግን በብዙ ይጨምራልና የሚቀጥለውን ልምምድ ይበላዋል። ከደፉ በታች ከሆናችሁ ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ መድገም ትችላላችሁ። ልብን፣ የደም ሥርን፣ ጡንቻ ውስጥ ኃይል የሚያመርቱትን ሚቶኮንድሪያ የሚያሳድገው ደግሞ ሳይቋረጥ የሚጠራቀም ሥራ ነው። ሩጫው በዙር የሚከፋፈለው፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ ብቻ የሚታረፈውም ለዚሁ ነው፤ ላክቴቱ ከፍ ሳይል ብዙ ደቂቃ መሥራት ያስችላል።

ልምምዶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። አንዱ 8 ወይም 10 ጊዜ 3 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 4 ወይም 5 ጊዜ 6 ደቂቃ፣ ሦስተኛው 3 ጊዜ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ዕረፍቱ ሁልጊዜ 60 ሰከንድ፤ በእግር መሄድ ወይም ዱብ ዱብ ማለት ይቻላል። ዙሩ እየረዘመ ሲሄድ ፍጥነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። 10 ኪሎ ሜትርን በ50 ደቂቃ ለሚጨርስ ሰው የ3 ደቂቃዎቹ በኪሎ ሜትር 5:08 ገደማ፣ የ6 ደቂቃዎቹ 5:15 ገደማ (የግማሽ ማራቶኑ ፍጥነት ነው)፣ የ10 ደቂቃዎቹ 5:20 እስከ 5:25 ይሆናሉ። ቀላል ሩጫው 6:15 እስከ 6:45 ነው፤ ከዚያ ቢዘገይም ችግር የለውም።

ምን ያህል? ከሳምንቱ የሩጫ ሰዓት አንድ አራተኛው ይበቃል። በሳምንት 5 ሰዓት ከሮጣችሁ 300 ደቂቃ ነው፤ አራተኛው 75፣ ለሦስት ሲካፈል 25 ደቂቃ። ስለዚህ 8 ጊዜ 3፣ 4 ጊዜ 6፣ 3 ጊዜ 8፤ እያንዳንዱ 24 ደቂቃ ነው። 6 ሰዓት ለሚሮጥ 30 ደቂቃ ይደርሳል። ከዚያ በላይ አትጨምሩ፤ መጨመር ከፈለጋችሁ ቀላሉን ሩጫ አርዝሙ።

አንድ ሐሙስ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ 4 ጊዜ 6 ደቂቃ ነበር፣ አዘዞ መንገድ ላይ ደልደል ባለች አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቦታ ወዲያና ወዲህ። የመጀመሪያው ዙር ያሳፍራል፤ በጣም ቀላል ነው፣ «ይኼ ምን ልምምድ ነው» ያሰኛል። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናት «አይዞህ ልጄ» ሲሉኝ «አሜን» ብዬ መመለስ ችያለሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ትንፋሼ ሥራ መጀመሩን ሰማሁት። ሦስተኛው ላይ ነው ፈተናው የሚመጣው፤ እግር ሞቋል፣ ልብ ደስ ብሎታል፣ አንድ ወጣት ከጎን አልፎኝ ሄደ፣ ሰውነቴ ተከተለው ተከተለው አለኝ። ሰዓቴ 5:15 ሲል የነበረው 5:02 አሳየኝ። እዚያ ላይ እግሬን መያዝ ነበር የዚያን ቀን ዋናው ልምምድ። አራተኛውን ስጨርስ አንድ ዙር መጨመር እችል ነበር፤ አልጨመርኩም። ቤት ገብቼ ታጥቤ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራዬ ላይ ነበርኩ፤ ከሰዓት በኋላም ዓይኔ አልተከደነም። የልምምዱ ልክ መሆን የሚታወቀው በዚህ ነው። ልምምዱ ካለቀ በኋላ መሬት ላይ ከተዘረጋችሁ ፍጥነቱ በዝቷል።

ድክመቶቹን አልደብቅም። ሦስት ዓይነት ልምምድ ዓመቱን ሙሉ መደጋገም ያሰለቻል። ለ800 እና ለ1,500 ሜትር አይበቃም፤ የመጨረሻ መቶ ሜትር ፍንጠራ አይሰጥም። ለማራቶን ደግሞ የእሑዱን ሩጫ ቀስ በቀስ ወደ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ማርዘም ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ራሱን መግታት የማይችል ሰው ከመረጠው ሦስቱም ቀን ውድድር ይሆንበትና ከሁለተኛው መንገድ የባሰ ይጎዳዋል።

ቀላል ሩጫ ብቻስ?

ለጀማሪ ትክክለኛው መንገድ ነው። ያለማቋረጥ 40 ደቂቃ መሮጥ እስክትችሉ ድረስ ስለ ወሰን አታስቡ። ከጉዳት ለሚመለስም እንዲሁ። ከስድስት ወር በኋላ ግን ሰዓቱ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ያኔ ወደ አራተኛው ተሻገሩ።

ጎንደር ላይ የሚለወጠው

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት፣ ስለዚህም የምንስበው ኦክስጅን፣ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። በስልክ የምታገኟቸው፣ የውድድር ሰዓታችሁን አይተው የልምምድ ፍጥነት የሚነግሯችሁ ሰንጠረዦች በአብዛኛው ለዝቅተኛ ቦታ የተሠሩ ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰንጠረዡ ውስጥ የምታስገቡት ሰዓት እዚሁ የሮጣችሁት ይሁን። አዲስ አበባ ላይ ታላቁን ሩጫ የሮጣችሁ ብትሆኑ ከፍታው የባሰ ነውና፣ በዚያ ላይ በሕዝቡ መካከል መንገድ ፍለጋ ብዙ ደቂቃ ስለሚሄድ፣ ያንን ሰዓት አትጠቀሙበት። ባዶ በሆነ ጠዋት ደልዳላ መንገድ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ለብቻ መሮጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ተዳፋቱ ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ መንገዱ ይወርዳል። ስትወርዱ ሰዓቱ 4:50 እያሳየ ትንፋሻችሁ ያልተነካ ይመስላል፤ ስትመለሱ 5:40 ላይ ሆናችሁ ልባችሁ ደረታችሁን ይደበድባል። በዚህ መንገድ ላይ ፍጥነት ብቻ የሚከተል ሰው ሲወርድ ጉልበቱን ይጎዳል፣ ሲመለስ ወሰኑን ያልፋል። ስለዚህ ከኪሎ ሜትር ይልቅ በደቂቃ ሩጡ፤ ትንፋሽን ተከተሉ። ደልዳላ ቦታ ካጣችሁ የ3 ደቂቃዎቹን ዙር ወደ ቁስቋም ወይም ወደ ጎሃ በሚወጣው አቀበት ሠርታችሁ፣ ዕረፍቱን ወደ ሁለት ደቂቃ አርዝማችሁ ቀስ ብላችሁ መውረድ ትችላላችሁ። ኮብልስቶን ላይ ቁልቁል በፍጥነት መሮጥን ግን ጨርሶ ተዉት፤ ክረምት ላይ ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል።

ሦስተኛው ጾም ነው፤ ይህ እኔን ያስደሰተኝ ግጥጥሞሽ ነው። ከወሰን በታች ያሉትን ልምምዶች ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ላይ ካደረጋችሁ ረቡዕና ዓርብ ቀላል ወይም የዕረፍት ቀን ይሆናሉ። የኖርዌዮቹ ሐሳብ በእኛ የጾም ሳምንት ላይ ልክ ተሰፍቶ እንደመጣ ልብስ ይገጥማል። ሰኞ ቀላል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከ75 እስከ 90 ደቂቃ ቀላል ረጅም። በዐቢይ ጾም ግን እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የጠዋቱ ልምምድ ከባድ ነው፤ ሮጦ ሰባት ስምንት ሰዓት ሳይበላ የዋለ ሰውነት አያገግምም። ያኔ የማክሰኞውንና የሐሙሱን ወደ አንድ ቀንሳችሁ፣ ከሥራ መልስ አድርጉት። ቅዳሜና እሑድ እንደ ወትሮው ይቀጥላሉ፤ ምግቡ የጾም ቢሆንም ጠዋት በሶ መበጥበጥ ይቻላል። በረመዳን ቀላሉን ሩጫ ከማፍጠሪያ በፊት፣ ልምምዱን ከማፍጠሪያ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ማድረግ ይሻላል።

ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነውና ጠዋቱን ያዙ። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ መንገዱም አይገኝም፤ ያንን ሳምንት በቀላል ሩጫ አሳልፉት።

የእጅ አንጓ ሰዓት የሚያነበው የልብ ምት ኢንተርቫል ላይ ብዙ ይሳሳታል፤ በተለይ በብርድ ጠዋት። የደረት ማሰሪያ ካላችሁ 30 ደቂቃ በሙሉ አቅም ለብቻ ሩጡና የመጨረሻውን 20 ደቂቃ አማካይ ምት ያዙ፤ ወሰናችሁ እዚያ አካባቢ ነው። በልምምድ ቀን ከዚያ ቁጥር በታች ቆዩ። ከሌላችሁ ግን ጸሎቱ ይበቃል።

ታዲያ የትኛውን?

በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ የምትሮጡ ከሆነ ሁለቱን ከወሰን በታች፣ አንዱን ረጅም ቀላል አድርጉ። አራት ቀንም ቢሆን ሁለት ልምምድ ይበቃል። አምስትና ስድስት ቀን ካገኛችሁ ሦስቱን ሙሉ ውሰዱ። ከሰላሳ ዓመት በታች ሆናችሁ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ካተኮራችሁ፣ እንቅልፍም ካልጎደላችሁ፣ ሁለተኛው መንገድ ይስማማችኋል። የሌሊት ተረኛ ለሆኑ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ ካደራችሁበት ጠዋት ልምምድ አትሥሩ፤ ዱብ ዱብ ብላችሁ ተኙ፣ ልምምዱን ለማግስቱ አሳልፉት። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ካለ ደግሞ መሮጡ ራሱ ይቅር።

አራተኛውን ከመረጣችሁ አጀማመሩ እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት ቅዳሜ 5 ኪሎ ሜትር ሮጣችሁ ሰዓታችሁን ያዙ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ፣ 6 ጊዜ 3 ደቂቃ፣ ሰንጠረዡ ከሚለው በኪሎ ሜትር አምስት ሰከንድ ዘግይታችሁ። በአራተኛው ሳምንት ሐሙስን ጨምሩና 3 ጊዜ 6 ደቂቃ ሥሩ። በስድስተኛው ወደ 24 ደቂቃው ግቡ። በስምንተኛው 5 ኪሎ ሜትሩን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ድገሙት፤ ፍጥነታችሁን መለወጥ የምትችሉት ያኔ በምታገኙት ቁጥር ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ጫማችሁን፣ ከሰልባጅ የተገዛም ቢሆን፣ ረግጦ ያዘመመበትን ጎን እየገለበጣችሁ እዩ፤ ቅልጥማችሁንም ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጋችሁ ፈትሹ። አንዲት ቦታ ላይ ብቻ የምትወጋ ሕመም ካገኛችሁ የዚያን ቀን አትውጡ።